ሳጥኗን ሰጣችሁን፤ ሰነዷስ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ፦ የድምፅ መቅረጫ ዕቃ ገዝታችሁ ለወጣት ማዕከላትና ለኪነት ቡድኖች ላከፋፈላችሁ መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣
ለተከበራችሁ፦ ዕቃውን ላስመጣችሁ ነጋዴዎች

ጉዳዩ፦ ሳውንድ ካርዶቹ ያለ ቴክኒክ ሰነድ ስለመገዛታቸውና የጻፍነው ድራይቨር እንዲነሣ ስለታዘዘው ትዕዛዝ

ጤና ይስጥልን።

እኛ ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር ስድስት ሰዎች ነን። ሦስታችን ኮድ እንጽፋለን። ሁለቱ ቀረጻ ይሠራሉ። አንዷ ሬዲዮና ቴፕ ስትጠግን ያደገች ናት፤ ብየዳውና መለኪያው የእሷ ነው። በዚህ ሥራ ማንም አልቀጠረንም፣ ማንም አልከፈለንም። የገባንበት ቸግሮን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ብዙ ቤት ዕቃውን እንዳጣ ታውቃላችሁ። የቀረጻ ክፍሎችም አልተረፉም። ስለዚህ እነዚህ ሳውንድ ካርዶች ሲመጡ በሞዴል 22 ፈርመን የተረከብናቸው በደስታ ነው። ደስታው የቆየው ካርቶኑ እስኪከፈት ነው።

ጉዳዩ ለሁሉም አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ትንሽ እናብራራ። ሳውንድ ካርድ ስንል ማይክ የሚሰካባትን፣ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር የምትገናኘውን፣ የመጽሐፍ ያህል የምታክል የብረት ሳጥን ማለታችን ነው። ድምፅን ወደ ቁጥር ትለውጣለች። በአንድ ሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ ትለካለች። በእሷና በላፕቶፑ መሃል ቆሞ የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል።

ለዩኤስቢ የድምፅ ዕቃዎች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጋራ ቋንቋ አለ። በኋላም ሁለተኛው እትም ወጥቷል። አምራቹ ይህን ቋንቋ ካከበረ ነገሩ ሰክቶ መቅረጽ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው፣ ነፃው ሊኑክስ ቋንቋውን አሳምሮ ያውቃል። አልሳ የሚባለው የድምፅ ክፍሉም በዚያው በ1998 በያሮስላቭ ኪሴላ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ከርነል በሚባለው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ አብሮ ይመጣል። የእናንተ ሳጥን ግን ግማሹን በጋራው ቋንቋ፣ ግማሹን ራሷ በፈጠረችው የአራዳ ቋንቋ ነው የምታወራው። የአራዳውን መፍቻ የያዘው አምራቹ ብቻ ነው።

«ለምን ዊንዶውስ አትጠቀሙም?» ብላችሁ በቃል ጠይቃችሁን ነበር። በጽሑፍ እንመልስ። የማዕከላቱ ላፕቶፖች አሮጌ ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ እነዚህ ላፕቶፖች የላቸውም። ሊኑክስ ግን በእነሱው ላይ ይሄዳል፣ ብርም አይጠይቅም። ደግሞስ የዊንዶውሱ ድራይቨር የመጣው በምን ላይ ነው? በሲዲ! ሲዲ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕ በየማዕከሉ ፈልገን አንድም አጣን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የድረ ገጽ አድራሻም ከፈትነው፤ ገጹ የለም።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

አንደኛ፣ ሳጥኗ ትዋሻለች።

አምና ከቦሩ ሜዳ በኩል የመጡ አንድ ሸህ መንዙማ ሲያዜሙ ቀረጽን። ድቤ መቺው፣ ተቀባዮቹ፣ ሁሉም አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ነው ያዜሙት። በረካው ሲወርድ እኛም ዕቃችንን ሰበሰብን። ፋይሉን በፍላሽ ለቤተሰቡ ሰጠን። በሳምንቱ የልጅ ልጃቸው መጣች። «አባባ እንዲህ አይጎትቱም» አለች። ድምፃቸው ወፍሯል፣ ሐድራ ላይ ያሉ ሳይሆን እንቅልፍ የመጣባቸው ነው የሚመስሉት አለችን።

እኛ ደጋግመን ሰምተነው አልታወቀንም ነበር። ለምን እንዳልታወቀን የገባን ቆይቶ ነው። ሁሉም ነገር እኩል ነው የወረደው። ድምፁም፣ ድቤውም፣ ጭብጨባውም አብሮ ወረደ። በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አልተነካም፤ ስለዚህ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ እንደሆነ ነው። ቅኝት ቢሰበር የወሎ ጆሮ ወዲያው ይነቃል። ሁሉም አብሮ ሲሰምጥ ግን የሚነቃው ሰውየውን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ያወጣን ስልክ ነው። ከተቀባዮቹ አንዱ ያንኑ መንዙማ በስልኩ ቀድቶት ኖሯል። የእሱ ፋይል 60 ደቂቃ ነው። የእኛ 65 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ። 48ን ለ44.1 አካፍሉት፤ 1.088 ይመጣል። 60 ደቂቃን በዚያ አባዙት፤ የእኛን ፋይል ታገኛላችሁ። ሳጥኗ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየለካች ለላፕቶፑ «44,100 ነው» ትለዋለች ማለት ነው። ላፕቶፑም አምኖ ይጽፋል። ፋይሉ ሲከፈት ይጎተታል፤ ድምፁም ወደ አንድ ተኩል ሰሚቶን (በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ይወርዳል።

የሊኑክስ ድራይቨር እንዲህ ላለው ቅጥፈት መላ አለው። ፍጥነቱን ካዘዘ በኋላ «አሁን ስንት ላይ ነሽ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል። መልሱ ካልገጠመ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። የእናንተ ሳጥን ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ የላትም። ዝም። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያደርጉ ዕቃዎች ስለበዙ ከርነሉ ውስጥ «እነዚህን አትጠይቃቸው» የሚባሉ ዕቃዎች ተለይተው ተመዝግበዋል። እኛም ይቺን ጨመርንና 48,000 ላይ አሰርናት። ሰነዱ ቢኖር ኖሮ ይህ አንድ መስመር ነበር፦ 44,100 አይሠራም።

በእጃችን የነበሩትን ፋይሎች አስተካክለናል። ቁጥሮቹ ደህና ናቸው፤ የተሳሳተው ከፋይሉ ራስ ላይ ያለው መለያ ነው። እሱን መቀየር ይበቃል። ወደ ኤምፒ3 ተቀይረው በብሉቱዝ የተበተኑት ግን የትና የት ደርሰዋል። የሸሁ የተጎተተ ድምፅ ዛሬም በየታክሲው ይጫወታል። ማን ይመልሰው?

ሁለተኛ፣ 48 ቮልት።

ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ካልተላከለት ድምፅ አይሰጥም። በሌላ ሳጥን ላይ ይህ ቁልፍ ነው፤ ይጫኑታል፣ ቀይ መብራት ይበራል። የእናንተዋ ቁልፍ የላትም። የሚያበራው ከላፕቶፑ የሚላክ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙን የሚያውቀው ደግሞ ያው ሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም።

በዚህ ምክንያት ከወረኢሉ ዋሽንታቸውን ይዘው የመጡ አንድ አባት ሁለት ቀን አልጋ ይዘው ጠብቀውናል። በመጨረሻ በስልክ ቀረጽናቸው። «አብሽሩ ልጆቼ፣ ሌላ ጊዜ» ብለውን ሄዱ። እኛ ነን እሳቸውን ማጽናናት የነበረብን።

ትዕዛዙን እንዴት እንዳገኘነው ዘርዘር አድርገን እንናገራለን፤ ድራይቨራችን እንዲነሣ ያዘዘው ሰርኩላራችሁ ሥራችንን «በዘፈቀደ የተሠራ» ብሎታልና። ሲዲውን ከአንድ የድሮ ዴስክቶፕ ላይ ገለበጥን። ሊኑክስ ላይ በምናባዊ ማሽን (በፕሮግራም በተሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ ዊንዶውስ ጫንን፤ የአምራቹን ፕሮግራም እዚያ አስገባን፤ ሳጥኗንም ለእሱ አሳልፈን ሰጠን። ከዚያ በዩኤስቢው መስመር የሚያልፈውን ሁሉ ዩኤስቢሞን በሚባለው የከርነሉ ማዳመጫ እየያዝን ዋየርሻርክ በሚባለው የመረጃ ማንበቢያ ፕሮግራም አነበብን። 48 ቮልቱን ማብራት፣ ማጥፋት። ማብራት፣ ማጥፋት። ሃያ ጊዜ። በየጊዜው የሚያልፉትን ባይቶች ደብተር ላይ መጻፍ፣ የማይለወጠውን መሰረዝ። በመጨረሻ አንድ ባይት ቀረ። ሲበራ 1፣ ሲጠፋ 0። ያን ማታ መብራት ጠፍቶ በላፕቶፑ ባትሪ ነበር የምንሠራው። ቀይዋ መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሊኑክስ ስትበራ ጨለማው ውስጥ ሁላችንም አጨበጨብን። የጎረቤት ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ አንኳኩቷል።

የማይክ መጠን ማስተካከያው ይብስ ነበር። ማንሸራተቻውን አንድ ነጥብ ስንገፋው የሚላከው ቁጥር አንዴ በ2፣ አንዴ በ5 ይዘላል። ሥርዓቱ አልያዝ አለን። ስለዚህ ሠንጠረዡን ነጥብ በነጥብ፣ በመለኪያ መሣሪያና በጆሮ እየለካን ሞላነው። አራት ሳምንት ፈጀ። በአምራቹ ሰነድ ላይ ግማሽ ገጽ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። ሦስተኛውንና አራተኛውን ማይክ መክፈቻ ስንፈልግ ትዕግሥታችን አለቀና ትዕዛዞችን በግምት መላክ ጀመርን። ከላክናቸው አንዱ ፈርምዌር (የሳጥኗ የውስጥ ፕሮግራም) ማደሻው ሳይሆን አይቀርም። ሳጥኗ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ ላይ ስትሰካ እንኳ አትታይም። የአንድ ማዕከል ንብረት ነበረች። ከኪሳችን አዋጥተን ሌላ ተክተናል፤ ደረሰኙ አለ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ መገመት አልነበረብንም። ግን «ይቺን ቁጥር እንዳትልኩ» የሚል ወረቀት ቢኖር ማን ይገምት ነበር?

ሦስተኛ፣ ስሟ አንድ ነው፤ ሆዷ ግን ሌላ ነው።

በሁለተኛው ዙር ለኮምቦልቻ የተላኩት ሳጥኖች በካርቶንም፣ በስምም፣ በቀለምም ከደሴዎቹ አይለዩም። በዩኤስቢ የሚናገሩት መለያ ቁጥር ሳይቀር አንድ ነው። ድራይቨራችንን ስንጭን ግን ጭው የሚል ድምፅ ብቻ። ኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛችን ሁለቱን ጎን ለጎን ፈታቻቸው። ዋናው ቺፕ ተቀይሯል። አምራቹ የረከሰ ቺፕ ሲያገኝ ቀይሮ፣ ስሙን ሳይቀይር መላኩ ነው። የዊንዶውሱም ድራይቨር ለሁለተኛው ዙር ሌላ ነው፤ ሲዲዎቹ ግን ተቀላቅለው ነው የተበተኑት። የርክክብ ኮሚቴው ካርቶኑን ቆጥሮ ፈርሟል። ቺፕ ይቁጠር አንልም። አንዷን ሰክቶ መሞከር ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አራተኛው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ነው።

ድራይቨሩ ሠርቶ፣ ማዕከላቱ መቅረጽ ጀምረው፣ ከሁለት ወር በኋላ ሰርኩላር ደረሳቸው። «ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌር» ከመንግሥት ኮምፒውተሮች ላይ እንዲነሣ የሚያዝ ነው። በምሳሌነት የተጠቀሰውም የእኛው ድራይቨር ነው።

ቃሉን እንመልከተው። ኦፕን ሶርስ ማለት እኮ ምንጩ የተከፈተ ማለት ነው። የጻፍነው እያንዳንዱ መስመር ይነበባል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረው ተመዝግቧል። የወጣውም በጂፒኤል ፈቃድ ነው፤ የሊኑክስ ከርነል ራሱ የሚኖርበት ፈቃድ። ማንም ይመረምረዋል፣ ስህተት ካገኘ ያርመዋል። ተንኮል አለበት ብሎ የሚጠረጥር ካለ ኮዱን ከፍቶ ያሳየን። የአምራቹን ድራይቨር ግን እናንተም እኛም ከፍተን ማየት አንችልም። ጭራሽ ሲዲው ስላልሠራ አንዳንድ ማዕከላት ያንኑ ድራይቨር ከማይታወቅ ገጽ ላይ አውርደው፣ በፍላሽ እየተቀባበሉ ነው የጫኑት። ከነፍላሹ ቫይረስ። ሰርኩላሩ ይህን አልነካም። ምንጩ ያልታወቀው የትኛው ነው?

ውጤቱን በዓይናችን አይተናል። አንድ ማዕከል ድራይቨራችንን አንሥቷል። ሳጥኗ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል ለብሳ ተቀምጣለች። ሌላው ማዕከል ያሉት ልጆች በድብቅ ይጠቀማሉ፤ ኃላፊ ሲመጣ ላፕቶፑን ይዘጋሉ። የአምባሰል ዘፈን ለመቅረጽ መደበቅ የሚባል ነገር መጣ።

አምስተኛውን አናስረዝምም። አዲስ የጨረታ ሰነድ ወጥቷል። የሳውንድ ካርዱ ስፔስፊኬሽን ከድሮው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አለ። «ከዊንዶውስ ጋር የሚሠራ» ይላል፤ ስለ ሰነድ አንድ ቃል የለም።

ለአስመጪዎች ደግሞ ይቺን። ስልክ ስንደውል «ሰነዱ የኩባንያው ምስጢር ነው» አላችሁን። የጠየቅነው ምስጢር አይደለም። የሳጥኗን ንድፍ አልጠየቅንም፤ ፈርምዌሩንም አልጠየቅንም። የትኛው ቁጥር የትኛውን ነገር እንደሚያበራ የሚል ሠንጠረዥ ነው። ሰነድ የሰጠ ኩባንያ ከሰረ ሲባል አልሰማንም። የጀርመኑ ኩባንያ አርኤምኢ ሐመርፎል ለሚባሉት ሳውንድ ካርዶቹ ሰነድ ስለሰጠ ፖል ዴቪስ የሊኑክሱን ድራይቨር ጽፎለታል። ሌላው የሳውንድ ካርድ አምራች ክሬቲቭ መጀመሪያ ዘግቶ ነበር። በኋላ የኤክስፋይ ካርዶቹን ድራይቨር ኮድ በ2008 እ.ኤ.አ. በጂፒኤል ለቀቀ፤ በዓመቱ በከርነል 2.6.31 ውስጥ ገባ። ሰነድ ሲጠፋ ደግሞ ሰው እንደ እኛው ይቆፍራል። ፎከስራይት የሚባለው ኩባንያ የሠራውን የስካርሌት ሳውንድ ካርድ ሁለተኛ ትውልድ ሚክሰር (ድምፅ ማደባለቂያ) ጄፍሪ ቤኔት የሚባል ሰው የዩኤስቢውን ንግግር እያዳመጠ ነው የፈታው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ከርነል 5.4 ውስጥ ገብቷል። መንገዳችንን ያገኘነው ከእነዚህ ሰዎች ኮድ ነው። ስለዚህ «በዘፈቀደ» የሚለውን ቃል እንድታነሡልን እንፈልጋለን።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሰርኩላሩ ይሻር፤ መሻር ካልተቻለ ይታረም። የምትመርጡት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ኮዱን ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ ይመርምር። ከ1,400 መስመር አይበልጥም፤ ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ጉድለት ካገኘ እናስተካክላለን። ካላገኘ ማዕከላቱ ሳይደበቁ ይቅረጹ።

የወጣው ጨረታ ሳይከፈት ስፔስፊኬሽኑ ይስተካከል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አንድ፣ ዕቃው የዩኤስቢን የጋራ የድምፅ ቋንቋ ሙሉ በሙሉ የሚያከብር ይሁን፤ 48 ቮልትና የማይክ መጠን በእጅ የሚነኩ ቁልፎች ይሁኑ። ሁለት፣ ይህ ካልሆነ የመቆጣጠሪያ ትዕዛዞቹ ሰነድ ከዕቃው ጋር ይቅረብ። ሰነድ ያላቀረበ ተጫራች ዋስትና እንዳላቀረበ ይቆጠር።

ርክክብ ላይ ሙከራ ይኑር። ከየዙሩ አንድ ሳጥን አውጥቶ፣ ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ አሥር ደቂቃ በ44,100፣ አሥር ደቂቃ በ48,000 መቅረጽ። ሰዓት ይዞ መለካት። አሥር ደቂቃው 10 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ከሆነ ሳጥኗን መመለስ። ይህን ለመሥራት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ እኛም መጥተን እናሳያለን።

አስመጪዎች ለአምራቹ በደብዳቤ ጻፉልን። የትዕዛዞቹን ሠንጠረዥና በሁለቱ ዙሮች መካከል ያለውን ልዩነት ጠይቁልን። በእንግሊዝኛም በቻይንኛም ቢመጣ ግድ የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ «ለማንም አታሳዩ» የሚል ውል አንፈርምም። ከሰነዱ የሚወጣው ኮድ ለሕዝብ የሚከፈት ነውና እንዲህ ያለ ውል ሥራውን ይዘጋዋል። ከዚያ በተረፈ ግማሽ ገጽም ቢሆን ጀባ በሉን።

በመጨረሻ፣ ከኮምቦልቻው ዙር አንድ ሳጥን ለሦስት ወር በትውስት ይሰጠን። በሞዴል 22 እንፈርማለን። ከሞተች እንደ መጀመሪያዋ ከኪሳችን እንተካለን፤ በዚህኛው ግን በግምት ትዕዛዝ አንልክም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። መምጣት ለምትፈልጉ ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የምንቀርጽበት ክፍል ውስጥ ነን። ሁለቱንም ፋይል፣ የተጎተተውንና የተስተካከለውን፣ እናሰማችኋለን።

ከአክብሮት ጋር

በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ የድራይቨር ጸሐፊዎች፣ የቀረጻ ባለሙያዎችና የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ
ደሴና ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ሳውንድ ካርድ ለተረከቡ የወጣት ማዕከላትና የኪነት ቡድኖች በሙሉ